ሥራውን ማን አዘዘው?

ኮምፒውተር ሲደነዝዝ፣ ማራገቢያው ሲጮኽና የላፕቶፑ ሆድ ሲግል አብዛኛው ተጠቃሚ የሚያደርገው ነገር ተመሳሳይ ነው። ታስክ ማናጀርን ይከፍታል፣ ከዝርዝሩ አናት ላይ ፕሮሰሰሩን ሲበላ ያገኘውን ስም ይመርጣል፣ «ኤንድ ታስክ» የሚለውን ይጫናል። ስሙ ይጠፋል፣ ማራገቢያውም ጸጥ ይላል። ጥቂት ቆይቶ ግን ያው ስም ተመልሶ ከቦታው ቁጭ ይላል። ተጠቃሚው ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ከደጋገመ በኋላ ወይ ኮምፒውተሩን ፎርማት ያስደርጋል፣ ወይ «አርጅቷል» ብሎ ሌላ ለመግዛት ያስባል። የዚህ ምዕራፍ ክርክር ከዚህ ልማድ ጋር ነው። ከጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም ፕሮሰሰሩን ሲያጨናንቅ ስሙ የሚታየው የሠራተኛው ነው፤ ሥራውን ያዘዘው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። ሠራተኛውን ደጋግሞ ማባረር አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መደብደብ ነውና፣ ጥገና የሚጀምረው አዛዡን ከመፈለግ ነው።

ፍለጋው ቁጥሩን አስተካክሎ በማንበብ ይጀምራል። በታስክ ማናጀር «ዲቴልስ» ገጽ ላይ «ሲስተም አይድል ፕሮሰስ» የሚባል ስም 95 በመቶ ይዞ ሲታይ ደንግጦ ሊያጠፋው የሚሞክር ሰው ሞልቷል። ይህ ስም የሚያሳየው ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠበትን ጊዜ ስለሆነ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ማሽኑ አርፏል ማለት ነው። የተገላቢጦሹ ስሕተት የበለጠ ይጎዳል። ስምንት ሎጂካል ፕሮሰሰር ባለው ኮምፒውተር ላይ አንድ ፕሮግራም 12.5 በመቶ ላይ ተተክሎ ቢቆይ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን 100 ለ8 ሲካፈል 12.5 ስለሚሆን፣ ያ ፕሮግራም አንዱን ሙሉ በሙሉ ይዞ አልለቅም ብሏል ማለት ነው። አራት ባለው ማሽን ላይ ይኸው ሁኔታ 25 በመቶ ሆኖ ይታያል። ወዲያ ወዲህ የማይልና ከነዚህ ቁጥሮች አንዱ ላይ የደረቀ አኃዝ አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ በሌለው ዙር ውስጥ የገባ ፕሮግራም ምልክት ነው። በማክ «አክቲቪቲ ሞኒተር» እና በሊኑክስ «ቶፕ» ላይ ደግሞ አንድ ኮር ብቻውን 100 በመቶ ተብሎ ስለሚቆጠር አንድ ፕሮግራም 300 በመቶ ይዞ ቢገኝ ስሌቱ አልተሳሳተም። ከቅጽበታዊው ቁጥር ይልቅ የተጠራቀመው ጊዜ ብዙ ይናገራል። በ«ዲቴልስ» ገጽ የዓምዶቹን ርእስ በቀኝ ጠቅታ ከፍቶ «ሲፒዩ ታይም» የሚለውን ዓምድ መጨመር ይቻላል፤ ኮምፒውተሩ ከተከፈተ ወዲህ ፕሮሰሰሩን በእርግጥ የበላው ማን እንደሆነ ያኔ ይለያል።

ሥራ በዝቷል ማለት ብልሽት አለ ማለት እንዳልሆነም ከወዲሁ እናስምር። ፕሮሰሰር የተገዛው እንዲሠራ ነው፤ ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው ማሽኑ 100 በመቶ ሲሠራ ካየ ደስ ሊለው ይገባል። ችግር የምንለው ተጠቃሚው ያላዘዘው ወይም የማያውቀው፣ የማያልቅ፣ የሌላውን ሥራ የሚያደናቅፍ ሥራ ሲኖር ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ተጠቃሚው ራሱ ሳያውቅ ያዘዘው ሆኖ ይገኛል። አንድ ፎቶ ቤት የሰርግ ፎቶዎችን በሺዎች ከሜሞሪ ካርድ ወደ ኮምፒውተር ሲገለብጥ በዓይን የሚታየው የመገልበጡ ሥራ ብቻ ነው። ከጀርባ ግን አንቲቫይረሱ እያንዳንዱን ፋይል ይመረምራል፣ የዊንዶውስ ፍለጋ በማውጫው ይመዘግባል፣ እንደ ዋንድራይቭ ያለ አገልግሎት ከተከፈተ ደግሞ ወደ ኢንተርኔት ለመላክ ይሰለፋል። ሦስቱም ስሞች በአንድ ጊዜ ወደ ዝርዝሩ አናት ይወጣሉ። ሦስቱም ጥፋት የለባቸውም፤ ሥራው ሲያልቅም ይወርዳሉ። ማክ ላይ ከትልቅ አፕዴት በኋላ የ«ስፖትላይት» ሠራተኞች ለሰዓታት ሲታዩ ምክንያቱ ይኸው ነው። እዚህ ላይ መድኃኒቱ ትዕግሥትና የኤሌክትሪክ መስመር ነው።

የኤሌክትሪኩ ነገር በኛ አገር ልዩ ክብደት አለው። ዊንዶውስ የዘወትር የጽዳትና የጥገና ሥራዎቹን በነባሪነት ያቀደው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ለሁለት ሰዓት፣ በኛ አቆጣጠር ለሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ማሽኑ በዚያ ሰዓት ጠፍቶ ከነበረ ሥራው ቀን ላይ ተከፍቶ ሥራ ሲፈታ ይጀመራል። ማታ ማታ ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቅሎ በሚሄድ ቢሮ ወይም መብራት ደጋግሞ በሚጠፋበት ሰፈር እነዚህ ሥራዎች ተጀምረው ሳያልቁ ይቋረጣሉ፣ በማግስቱም እንደገና ይነሣሉ። ጠዋት ጠዋት የሚደነዝዝና ከሰዓት በኋላ የሚሻለው ኮምፒውተር ቫይረስ አለበት ከመባሉ በፊት ለአንድ ቀን ቻርጅ ላይ ተሰክቶ፣ ተከፍቶ ቢተው ጥርጣሬው በራሱ ይጣራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ፤ በራሳቸው ሥራ የሌላቸው፣ ለሌላ የሚሠሩ ስሞች አሉ። የታወቀው ምሳሌ «ኤስቪሲሆስት» ነው። ይህ ፕሮግራም የዊንዶውስን ሰርቪሶች የሚያስጠልል ቤት እንጂ ራሱን የቻለ ሠራተኛ አይደለም። ድሮ በአንድ «ኤስቪሲሆስት» ውስጥ ብዙ ሰርቪሶች ተጠጋግተው ስለሚኖሩ ፕሮሰሰሩን የሚበላው የትኛው እንደሆነ ለመለየት አስቸጋሪ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው የዊንዶውስ 10 እትም ጀምሮ ከ3.5 ጊጋባይት በላይ ራም ባላቸው ማሽኖች ላይ አብዛኞቹ ለየብቻቸው ተለይተዋል። ስሙን በቀኝ ጠቅታ ከፍቶ «ጎ ቱ ሰርቪስስ» የሚለውን መምረጥ ከጀርባው ያለውን ሰርቪስ ያወጣዋል። ሁለተኛውና የበለጠ የሚያስተምረው «ደብሊውኤምአይ ፕሮቫይደር ሆስት» ነው። ሥራው ሌሎች ፕሮግራሞች ስለ ኮምፒውተሩ ለሚያቀርቡት ጥያቄ መልስ መስጠት ነው፦ ባትሪው ስንት ቀረው፣ ሙቀቱ ስንት ደረሰ፣ የትኛው ፕሪንተር ተሰክቷል። በአንድ ምግብ ቤት ወጥ ሠሪዋ በላብ ብትጠመቅ ጥፋቷ አይደለም፤ ከአዳራሹ የሚመጣው ትእዛዝ ነው መታየት ያለበት። ይህም ፕሮግራም ብቻውን ሲቀር ዝም ብሎ ይቀመጣል። አናት ላይ ወጥቶ አልወርድም ካለ ያለ ዕረፍት የሚጠይቀው አንድ ሌላ ፕሮግራም አለ።

ያንን ጠያቂ ማግኘት ግምት አይጠይቅም፤ ዊንዶውስ ራሱ ይመዘግበዋል። «ኢቨንት ቪወር»ን ከፍቶ፣ «አፕሊኬሽንስ ኤንድ ሰርቪስስ ሎግስ» ከሚለው ሥር ወደ «ማይክሮሶፍት»፣ ከዚያ ወደ «ዊንዶውስ»፣ ከዚያ «ደብሊውኤምአይ አክቲቪቲ» ወደሚለው ወርዶ «ኦፐሬሽናል» የሚባለውን መዝገብ ማንበብ ነው። ቁጥሩ 5858 የሆነ የስሕተት መስመር ተደጋግሞ ከተገኘ ውስጡ «ክላየንት ፕሮሰስ አይዲ» የሚል ቁጥር አለ። ያ ቁጥር የጠያቂው መታወቂያ ነው። ወደ ታስክ ማናጀር «ዲቴልስ» ተመልሶ «ፒአይዲ» በሚለው ዓምድ ውስጥ ያንኑ ቁጥር መፈለግ ነው የቀረው። የላፕቶፑ አምራች ቀድሞ የጫነው የሙቀት መቆጣጠሪያ ወይም አንድ ጊዜ ተጭኖ የተረሳ የፕሪንተር ሶፍትዌር ሊሆን ይችላል። አዛዡ ሲገኝ ምርጫው ቀላል ነው፤ አፕዴት ማድረግ ወይም ማራገፍ። ያኔ «ደብሊውኤምአይ» ማንም ሳይነካው በራሱ ይወርዳል። ይህ ለክርክራችን የመጀመሪያው ማስረጃ ነው፤ የጠፋው ፕሮግራም ሌላ፣ የዳነው ፕሮግራም ሌላ ሆኖ ችግሩ ግን ተፈታ።

አዛዡ ፕሮግራም እንኳን ላይሆን ይችላል። ማክ ላይ «ከርነል ታስክ» የሚባለው ስም ብዙ መቶ በመቶ ይዞ ሲታይ ፕሮሰሰሩን እየበላ ይመስላል። አፕል ራሱ እንደሚያስረዳው ግን ከተግባሮቹ አንዱ ማሽኑ ሲግል ሌሎች ፕሮግራሞች ፕሮሰሰሩን እንደልባቸው እንዳያገኙት ቦታውን ይዞ መቆየት ነው። ሙቀቱ ሲወርድ እሱም ይወርዳል። እዚህ ላይ የሚጠገነው ሶፍትዌር አይደለም፤ በአቧራ የተደፈነ ማራገቢያ፣ ፍራሽ ላይ ተቀምጦ አየር መሳቢያው የታፈነ ላፕቶፕ፣ ወይም ፀሐይ የሚመታው ጠረጴዛ ነው። ይህን ፕሮግራም ለማስቆም መንገድ የሚፈልግ ሰው ቢሳካለት ኖሮ የሚያገኘው ትርፍ የባሰ የጋለ ማሽን ነበር።

ከዚህም የራቀ አዛዥ አለ፤ እርሱም ሰዓት ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 2012 ማለቂያ ላይ፣ በኢትዮጵያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን፣ የዓለምን ሰዓት ከመሬት ሽክርክሪት ጋር ለማስታረቅ አንድ ተጨማሪ ሰኮንድ ገባች። በዚያች ቅጽበት በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ የሊኑክስ ሰርቨሮች ፕሮሰሰር ወደ ጣሪያው ወጣ። የውይይት ድረ ገጹ ሬዲት ተቋረጠ፣ የፋየርፎክስ ብራውዘር አምራች ሞዚላ ችግር ገጠመው፣ የአውስትራሊያው አየር መንገድ ቃንታስ የሚጠቀምበት የመንገደኞች ምዝገባ ሥርዓት ተስተጓጉሎ በረራዎች ዘገዩ። ባለሙያዎች ዝርዝሩን ሲያዩ አናት ላይ ያገኙት የጃቫ ፕሮግራሞችንና ማይኤስኪውኤል የተባለውን የዳታቤዝ ፕሮግራም ነበር። ሁለቱም ንጹሐን ነበሩ። የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም የሥርዓቱ እምብርት፣ ተጨማሪዋን ሰኮንድ ሲያስገባ ለቀጠሮ ጠባቂው ክፍል ሳያሳውቅ ስለቀረ፣ ያ ክፍል ከእውነተኛው ሰዓት አንድ ሰኮንድ ቀድሞ ሄደ። «ከሰኮንድ ክፋይ በኋላ ቀስቅሰኝ» ብሎ የተኛ ፕሮግራም ሁሉ ወዲያው ይቀሰቀሳል፣ ሥራ የለውምና ተመልሶ ይተኛል፣ ወዲያው ይቀሰቀሳል። ፕሮግራሙን ዘግቶ መክፈት ምንም አልፈየደም፤ የተበላሸው ከበታቹ ነበርና። ችግሩን የፈታው የማሽኑን ሰዓት በአንድ መስመር ትእዛዝ እንደገና መሙላት ነበር። ከዝርዝሩ አናት ያለውን ስም ብቻ ይዞ ለሚፈርድ ሰው ከዚህ የበለጠ ማስጠንቀቂያ ማግኘት ይከብዳል።

አንድ ጠንቃቃ አንባቢ እዚህ ጋ ሊያቋርጠን ይችላል። አንዳንዴ እኮ ጥፋተኛው ራሱ ስሙ የሚታየው ፕሮግራም ነው ይላል። ልክ ነው። በዊንዶውስ ኤክስፒ የመጨረሻ ዓመታት «ኤስቪሲሆስት» አፕዴት ሲፈልግ ፕሮሰሰሩን ለረጅም ጊዜ ይዞ ይቀር ነበር። ምክንያቱ የኢንተርኔት ኤክስፕሎረር አፕዴቶች እያንዳንዳቸው የቀደመውን እየሻሩ ረጅም ሰንሰለት መሥራታቸውና፣ ሰንሰለቱን የሚፈትሸው ስሌት በተጨመረ በእያንዳንዱ ቀለበት የሚወስደው ጊዜ እጥፍ መሆኑ ነበር። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በጥር 2014 ያረጁትን አፕዴቶች ከሰንሰለቱ አውጥቶ ገላገለው። የአንቲቫይረሱም ታሪክ ይመሳሰላል። የዊንዶውስ መከላከያ፣ በታስክ ማናጀር «አንቲማልዌር ሰርቪስ ኤክስኪውተብል» የሚባለው፣ ፋየርፎክስ ሲከፈት ፕሮሰሰሩን ከልክ በላይ እንደሚበላ ለሞዚላ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነበር። ፋየርፎክስ ስለ ሜሞሪ አጠቃቀሙ ለዊንዶውስ የሚያቀርባቸው ጥሪዎች ብዙ ነበሩ፤ መከላከያው እያንዳንዷን ጥሪ ተከታትሎ ሲመረምር የሚያወጣው ጉልበት ደግሞ ከሚያስፈልገው በላይ ነበር። የሞዚላ ባለሙያዎች ጉዳዩን እስከ ሥሩ ከመረመሩት በኋላ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2023 የመከላከያውን ሞተር አስተካክሎ ለቀቀ። ሁለቱ ታሪኮች ክርክሩን አያፈርሱም፤ ያጠሩታል እንጂ። በሁለቱም ጥፋቱ የተገኘው ሥራው ከየት እንደሚመጣ በመከተል ነው፤ በሁለቱም መፍትሔው የደረሰው ከማይክሮሶፍት በኩል ነው፤ በሁለቱም «ኤንድ ታስክ» ምንም አልፈታም። ፕሮሰሰሩን ለማሳረፍ ብሎ አፕዴትን ለዘለዓለም የዘጋ ሰው መድኃኒቱ ሲመጣ በሩን ዘግቶበታል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የተግባር ሰው ተቃውሞ ነው፤ ሪስታርት ሳደርገው ይስተካከላል፣ ታዲያ ይህ ሁሉ ምርመራ ለምን ይላል። ሪስታርት ማድረግን የሚነቅፍ ሰው የለም። ዙር ውስጥ የገባ ፕሮግራም ተዘግቶ ሲከፈት ከንጹሕ ይጀምራል፣ ሁለተኛም ላይመለስ ይችላል። ችግሩ ዛሬ ታይቶ ለወራት ካልተመለሰ ምርመራው ጊዜ ማባከን ነው። ነገር ግን በየቀኑ ሪስታርት የሚፈልግ ኮምፒውተር አልዳነም፤ ሕመሙን እያስታገሱለት ነው። የተዘጋው ሰርቪስም ብዙ ጊዜ በራሱ የሚነሣው ዊንዶውስ ሰርቪሱ ሲወድቅ መልሶ እንዲያስነሣው ስለታዘዘ ነው። ሪስታርት የሚጠቅመው እንደ ፈተና ሲያዙት ነው። ከተነሣ በኋላ ስንት ደቂቃ ቆይቶ ተመለሰ? ምንም ፕሮግራም ሳይከፈት ተመለሰ ወይስ ብራውዘሩ ሲከፈት? ኢንተርኔት ተቋርጦ ሳለም ይመጣል? የእነዚህ መልስ የአዛዡን ሰፈር ይጠቁማል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም የሚከብደው ነው፤ ስሙ የማይታወቅ ነገር ፕሮሰሰሩን ሲበላ ቫይረስ ሊሆን ስለሚችል ፈጥኖ ማጥፋት አይሻልም ወይ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላልና ጥርጣሬው ተገቢ ነው። በክራክ የሚጫን ዊንዶውስና ኦፊስ በበዛበት ገበያ ደግሞ የበለጠ ተገቢ ነው፤ አክቲቬት ማድረጊያ ተብሎ ከማይታወቅ ቦታ የሚወርደው ፕሮግራም የሰው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ለሠሪው ክሪፕቶ የሚቆፍር ሥራ ይዞ የሚገባበት ጊዜ አለ። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለውን ለመያዝ ስሙና ቁጥሩ አይበቁም። አንዳንዶቹ ታስክ ማናጀር ሲከፈት አይተው ሥራቸውን ያቆማሉ፣ ሲዘጋ ይቀጥላሉ። ማራገቢያው እየጮኸ ቆይቶ ዝርዝሩ ሲከፈት ድንገት ጸጥ የሚል ማሽን ስለዚህ ሊያስጠረጥር ይገባል። ስምም ይዋሻል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2005 ማርክ ሩሲኖቪች የተባለው የዊንዶውስ ሊቅ፣ ሶኒ ቢኤምጂ የሙዚቃ ሲዲዎቹን ከመገልበጥ ለመጠበቅ በገዢዎች ኮምፒውተር ላይ በስውር የሚጭነውን ሶፍትዌር አጋለጠ። ያ ሶፍትዌር ራሱን የዊንዶውስ አካል በሚያስመስል ስም ሰይሞ በየሁለት ሰኮንዱ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች ሁሉ ይፈትሽ ነበር። የሚበላው ከፕሮሰሰሩ 1 ወይም 2 በመቶ ብቻ ነው፤ ሲዲው ባይጫወትም አያቆምም። በቁጥር የሚፈርድ ሰው አያየውም ነበር። የተያዘው የተደበቁ ፋይሎቹ ሲገኙና «ያስቀመጣቸው ማን ነው» ተብሎ ሲመረመር ነው።

ለዚህ የሚበጀው ቦታውን መጠየቅ ነው። በስሙ ላይ በቀኝ ጠቅታ «ኦፕን ፋይል ሎኬሽን» የሚለውን መምረጥ ፋይሉ የተቀመጠበትን ፎልደር ያሳያል። እውነተኛው «ኤስቪሲሆስት» የሚገኘው በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ «ሲስተም 32» በሚባለው ሥር ነው፤ ይኸው ስም በ«ዳውንሎድስ» ወይም በ«ቴምፕ» ውስጥ ከተገኘ አስመሳይ ነው። የፋይሉን «ፕሮፐርቲስ» ከፍቶ የአምራቹ ዲጂታል ፊርማ መኖሩን ማየት ሁለተኛው ማረጋገጫ ነው። ይህን ያደረገ ሰው አንቲቫይረሱን አስፈትሾ በልበ ሙሉነት ያጠፋል። ፕሮሰሰር ይበላል ብሎ አንቲቫይረሱን ራሱን የዘጋ ሰው ግን እውነተኛውን ሌባ ለመያዝ የሚችለውን ዘበኛ አስቀድሞ አሰናብቷል። የዊንዶውስ መከላከያ በታቀደ ፍተሻ ጊዜ በአማካይ የሚጠቀምበት የፕሮሰሰር ድርሻ በነባሪነት 50 በመቶ እንዲሆን የታሰበ ነው፤ ለደካማ ማሽን ይህን ዝቅ ማድረግ ወይም የፍተሻውን ሰዓት መቀየር ይቻላል። ማብዛት ካልተፈለገ ማሳነስ እንጂ መዝጋት ምን አመጣው?

የመጨረሻው ተቃውሞ ጊዜና ዕውቀት ነው። ተማሪውም፣ ጸሐፊዋም፣ የኢንተርኔት ካፌ ባለቤቱም የኮምፒውተር ባለሙያ አይደሉም፤ ፎርማት ማስደረግ ይቀልላቸዋል ይባላል። ስሌቱ ግን አያዋጣም። ፎርማት የፋይል ግልበጣን፣ ፕሮግራሞችን እንደገና መጫንን፣ በውድ ዳታ የሚወርዱ ብዙ ጊጋባይት አፕዴቶችን ያስከትላል፤ በጥንቃቄ ካልተሠራም ያልተቀመጠ ሰነድ ይበላል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ያው የፕሪንተር ሶፍትዌር ወይም ያው ክራክ ሲመለስ ችግሩም አብሮ ይመለሳል፤ አቧራ የደፈነው ማራገቢያ ደግሞ መጀመሪያውኑ አልተነካም። ከላይ የተዘረዘረው ምርመራ የሚጠይቀው አራት ጥያቄ ብቻ ነው፦ ፋይሉ የት ነው ያለው፣ መቼ ይጀምራል፣ ሥራው ያልቃል ወይ፣ የሚጠይቀው ማን ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ማንም ሰው በታስክ ማናጀርና በእጅ ሰዓት ይመልሳቸዋል። አራተኛው መዝገብ ማንበብ ይፈልጋል፤ ያም ቢከብድ መልሶቹን በወረቀት ይዞ ለጠጋኝ መስጠት ጠጋኙ በቀጥታ «ፎርማት እናድርገው» እንዳይል ያደርጋል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን። ሥራው የሚያልቅ ከሆነ ጠብቁት። አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ሪስታርት አድርጋችሁ እለፉት። የሚመለስ ከሆነ ያዘዘውን ፈልጉና አፕዴት አድርጉት ወይም አራግፉት። ማሽኑ የሚግል ከሆነ አቧራውን አስጠርጉ። ቦታው የማይገባ ፋይል ከሆነ አስፈትሻችሁ አጥፉት። ፎርማት የሚመጣው እነዚህ ሁሉ ሲያልቁ ነው። ፋይሉ የት እንዳለ፣ መቼ እንደሚጀምርና ማን እንዳዘዘው ሳታውቁ ግን ከዝርዝሩ ላይ ምንም አትዝጉ።